ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ጥንትን ለማየት፦ ሙዚየሙ፣ ዋሻ ሚካኤል ወይስ የቡታጅራ መንገድ?

እንግዳ ቤት በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሣል። «ቅዳሜ የት ልውሰዳቸው?» ቤቴ አራት ኪሎ ስለሆነ ዘመዱም ጓደኛውም ለእኔ ይደውላል። ከውጭ የመጣ የአጎት ልጅ አለ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣች አክስት አለች። የቤት ሥራ የተሰጠው ተማሪ አለ። ሁሉም «ጥንታዊ ነገር አሳዪን» ይላል። የአብዛኞቻችን መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ አምስት ኪሎ ሂዱ፣ ድንቅነሽን እዩና ተመለሱ።

መልሱ ልክ ነው፣ ግን ይጎድለዋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች ስንል ስለኖርን፣ ከዚያ በፊት ይህ መሬት ባዶ የነበረ ይመስለናል። የካ ተራራ ላይ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከከተማዋ በብዙ መቶ ዓመት ይበልጣል። ከአራት ኪሎ መገናኛ በታክሲ ስንመላለስ በተራራው ግርጌ ነው የምናልፈው። ቀና ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ይህን ጽሑፍ በዋናነት የጻፍኩት ለእሱ ስል ነው። ግን ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ቀን፣ እሱ ይስማማል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር ላወዳድረው። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም አለ። የካ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። በቡታጅራ መንገድ ደግሞ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጥሬ፣ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምና ትክል ድንጋዮቹ ያሉበት ጢያ አሉ። ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ደጋግሜ።

ከመምረጣችሁ በፊት

ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ሰዓት አላችሁ? አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ጉልበቱ እንዴት ነው? ወቅቱስ ዝናብ ነው ወይስ በጋ?

የጉልበቱን ነገር በቀልድ አትለፉት። አምና ጥር ላይ አክስቴን ይዤ ወደ ዋሻ ሚካኤል ወጣሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። «ሳልሳለመው አልመለስም» ስላለች ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም። አቀበቱን ግማሽ ያህል እንደወጣን ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺ ሂጂ፣ እኔንም አስበሽ ተሳለሚልኝ፣ ልጄ» አለችኝ። ትቻት አልሄድኩም። አብረን ወረድን። በዚያ ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቀድሜ ብጠይቅ ሌላ ቦታ እወስዳት ነበር። የት እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁለት ሰዓት ብቻ ካለ፦ ሙዚየሙ

እዚህ ላይ ክርክር የለም። ከአራት ኪሎ አምስት ኪሎ በእግር ይኬዳል። የእግረኛ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ሕፃንም አዛውንትም ይዞ መሄድ ቀሏል። ዝናብ አያስቀረውም። መኪና አያስፈልገውም። መግቢያው ለኪስ አይከብድም።

ዋናው ምድር ቤቱ ነው። ድንቅነሽ ያለችው እዚያ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረባው አገኟት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል፤ ለዚያ ዘመን ይህ ከመጠን በላይ ብዙ ነው። የምታዩት ቅጂዋን ነው። ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ይህን ለእንግዳችሁ በር ላይ ሳትደርሱ ንገሩት። ሳይነገረው ገብቶ «ታዲያ ይሄ ፕላስተር ነው?» ብሎ ቅር ያለው ሰው አይቻለሁ። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ግን ቅጂውን እንደ ቅጂ ተቀብሎ ቅርጹን ያጠናል።

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። ከቆመው አጽም ፊት ለፊት ቆመና መዳፉን አናቱ ላይ አድርጎ ወደ አጽሙ አሻገረው። እጁ ከራስ ቅሉ በላይ አለፈ። «እበልጣታለሁ!» አለ። ቀጠለና «ልጅ ናት እንዴ?» አለኝ። አይደለችም። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ ወጥቷል፤ አዋቂ ሴት ናት። ቁመቷ ግን ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ልጁ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሙዚየሙን ሲያነሣ የሚያወራው ስለ ዕድሜዋ አይደለም። ስለ ቁመቷ ነው።

እሷን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። ሰላም አለች፤ ዲኪካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሕፃን። ከድንቅነሽ ትበልጣለች፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ወይም ገና እንደሞላት ነው የሞተችው። ብዙ ሰው «የድንቅነሽ ልጅ» ይላታል፤ ግን በመቶ ሺህ ዓመት ትቀድማታለች። አርዲ የተባለች ሌላ አጽምም አለች፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት። ሄርቶ ላይ የተገኘው የራስ ቅል ደግሞ 160,000 ዓመት ገደማ ነው፤ እሱ እንግዲህ የእኛው ዓይነት ሰው ነው። ከምድር ቤቱ ወደ ላይ ስትወጡ የነገሥታቱን ዙፋንና አልባሳት፣ ሥዕሎችንና የየብሔረሰቡን ዕቃ ታገኛላችሁ። ለእሱ ጊዜ ካጠራችሁ አትዘኑ።

ሙዚየሙ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። ሁሉም ነገር ከቦታው ተነሥቶ የመጣ ነው። ሐዳርን አታዩም። ወንዙን፣ አፈሩን፣ ሙቀቱን አታዩም። መስታወት ውስጥ ያለ አጥንትና ከሥሩ የተጻፈ ወረቀት ነው የምታዩት። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቀን ያለው እንግዳ ከሆነ፣ ከብዙ ሰው በተቃራኒ፣ ሙዚየሙን መጨረሻ ላይ አድርጉት እላለሁ። መልካ ቁንጥሬ ላይ የድንጋይ መሣሪያውን ተኝቶ በነበረበት መሬት ላይ ያየ ሰው፣ ሙዚየም ሲገባ ወረቀቱን ሳያነብ ይገባዋል። ይህን በእንግዶቼ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሙዚየም የጀመሩት በሃያ ደቂቃ ጨርሰው ቡና ይላሉ። ሙዚየሙን መጨረሻ ያደረጉት ግን መዝጊያ ሰዓት ነው ተብለው ነው የሚወጡት።

ግማሽ ቀንና ጠንካራ እግር ካለ፦ ዋሻ ሚካኤል

ከአራት ኪሎ የመገናኛን ታክሲ ያዙ። ቀበናን፣ እንግሊዝ ኤምባሲን፣ ሾላን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከእኔ ይልቅ የሠፈሩን ሰው ጠይቁ፤ ከታችኛው የካ ሚካኤል ጋር እንዳያምታቱባችሁ «ዋሻውን ነው» በሉ። መኪና እስከ የት እንደሚያስጠጋም በዚያው ጠይቁ። በእግር ለሚወጣ አቀበቱ እንደ ሰዉ ጉልበት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል፣ ሽታው አፍንጫ ይከፍታል። የከተማው ጩኸት ቀስ በቀስ ከኋላ ይቀራል።

ስትደርሱ የሕንፃ ግድግዳ ጠብቃችሁ ከሆነ አታገኙም። መጀመሪያ የምታዩት ጉድጓድ ነው። ፈልፋዮቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሠሩት። አለቱን ዙሪያውን ቆፍረው ለዩት፤ ከዚያ ውስጡን እየፈለፈሉ ዓምዱን፣ በሩን፣ መስኮቱን አወጡ። ድንጋይ አምጥተው አልገነቡም። ያልፈለጉትን አወጡና ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ። ላሊበላን የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል።

ዕድሜውን በተመለከተ ሁለት ነገር ትሰማላችሁ። የአካባቢው ትውፊት በአብርሃና አጽብሐ ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ተፈለፈለ ይላል። ተመራማሪዎች ደግሞ አሠራሩን አይተው ወደ አሥራ ሁለተኛውና አሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። እንግዳ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሁለቱንም ንገሩት። የአባቶችን ቃል እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ «ውሸት ነው» ማለት ነውር ነው። የተመራማሪውን ግምት መደበቅም ልክ አይደለም። በሁለቱም መንገድ ቢሆን፣ ምኒልክና ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ከመውረዳቸው በፊት ሰው እዚህ ተራራ ላይ መዶሻና መሮ ይዞ ሲፈለፍል፣ ሲያስቀድስም ነበር ማለት ነው።

ጣሪያው በአብዛኛው ወድቋል። ሰማይ ይታያል። ብዙ ሰው «ፈርሷል እኮ፣ ምን አለው?» ብሎ የሚተወው በዚህ ነው። እኔ ደግሞ የምመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ድፍን የሆነ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለማ ነው፤ ግድግዳው በጢስና በእጅ ተወልውሏል፣ መጋረጃ ተጋርዷል። እዚህ ግን ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ግድግዳው ላይ የመሮውን ጭረት ታያላችሁ። እርስ በርሱ የተጠጋ፣ ጎን ለጎን የሚወርድ፣ የጣት ስፋት ያለው ጭረት ነው። አንድ ቦታ ላይ ጭረቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይወርድና ድንገት አቅጣጫውን ይለውጣል። ሠራተኛው እጁን ቀይሮ ይሆናል፤ ወይም ሌላ ሰው ተተክቶ። መዳፌን አስጠግቼ ቆሜ ብዙ ደቂቃ አየሁት። የዚያ ዘመን ሠራተኛ እጅ በእንዲህ ያለ ቅርበት የሚታይበት፣ ከአራት ኪሎ በታክሲ የሚደረስ ሌላ ቦታ አላውቅም።

አለቱ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ለመፈልፈል ይመቻል፤ ለውሃም እንዲሁ ይመቻል። ክረምት ላይ ወለሉ ውሃ ያቁራል። ግድግዳው ሽበት ያወጣል። ከላይ የበቀለው ዛፍ ሥሩን በስንጥቁ ይሰድዳል፤ ሥሩ ሲወፍር ስንጥቁ ይሰፋል። ስለዚህ ይህን ቦታ «አንድ ቀን እሄዳለሁ» ብላችሁ አታቆዩት። ድንቅነሽ ተቆልፎባታል፣ ትጠብቃችኋለች። ይህ ግን በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እየሄደ ነው። ግድግዳው ላይ አትውጡ። ልጆችን ጠርዙ ላይ አታስሩጡ። ስም መጻፍ የሚባለውን ነገር እዚህ ላይ ባላነሣው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አለ።

መቼ ይኬድ? ከጥቅምት እስከ ግንቦት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ውስጥም መግባት ያስቸግራል። ብቻችሁን አትሂዱ። ከመምሸቱ በፊት ውረዱ፤ ተራራው ጅብ አለው። ነጠላ ያዙ። ቀሪው ነገር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ጫማ ማውለቅ ያለባችሁ ቦታ ጋ አባቶች ይነግሯችኋል። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። በወር በ12 ከሄዳችሁ ምእመኑ ይበዛል፤ ለመሳለም ጥሩ ነው፣ ድንጋዩን በጸጥታ ለማየት ግን ሌላ ቀን ይሻላል።

ሙሉ ቀንና መኪና ካለ፦ የቡታጅራ መንገድ

ከዓለም ገና ወደ ደቡብ ሲታጠፍ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ይገኛል። ከአዲስ አበባ መልካ ቁንጥሬ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጢያ ከ80 ትንሽ ይበልጣል። አዳዲ ማርያም በመሃል፣ ከአስፓልቱ ወጣ ብላ ነው። የቡታጅራ መኪና ተሳፍሮ መንገድ ላይ መውረድ ይቻላል፤ ርካሽ ነው። ግን ሦስቱንም በአንድ ቀን ማየት ከተፈለገ አራት አምስት ሆኖ መኪና መከራየት ያዋጣል። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ።

ሁሉም ሰው ቅርብ ካለው ቦታ ይጀምራል። እኔ ግን በጠዋት ተነሥታችሁ ቀጥታ ወደ ጢያ ሂዱ እላለሁ። ምክንያቱ ፀሐይ ናት። የጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ ያለው ቅርጽ ጥልቅ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ቅርጹ ይጠፋል፤ ድንጋዩ ለጥ ያለ ይመስላል። ጠዋት ግን ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ሰይፍ ጥላ ያወጣል።

ትክል ድንጋዮቹ 36 ናቸው። ከእነሱ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ። በሶዶ አካባቢ ይህን የመሰሉ ሌሎች ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ጢያ በደንብ የተጠናው ነው። ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደቆሙ ይገመታል። ከሥራቸው መቃብር ነው። ተቆፍሮ ሲታይ ወጣቶች ሆነው ተገኙ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ በእናት ማኅፀን እንዳለ ሕፃን ተኮራምተው የተቀበሩ። በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» የሚላቸው ሰው አለ። እንደ ተመራማሪዎቹ ግምት ግን ከአሕመድ ግራኝ ዘመን ይቀድማሉ።

ከድንጋዮቹ አንዱ ፊት ተቀምጬ ሰይፎቹን በጣቴ ቆጥሬያለሁ። ጫፋቸው ወደ ላይም ወደ ታችም ያመለክታል። ከሰይፎቹ በታች ክብ ክብ ነገር አለ፤ ከእሱ በታች ደግሞ እንደ እንሰት ቅጠል ከሥሩ ተነሥቶ የሚዘረጋ ቅርጽ። ሰይፉ ሟቹ የገደለው ጠላት ቁጥር ነው የሚል አለ። ይህን የተረጋገጠ አድርጎ የሚያወራ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ በትሕትና አዳምጡት፣ ግን እንደ አንድ ግምት ያዙት። ከሟቾቹ አንዱ ሃያ ዓመት ላይሞላው ይችላል። እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው እንጂ የሰይፉ ብዛት አይደለም።

ከጢያ ስትመለሱ መልካ ቁንጥሬ። እኩለ ቀን ላይ መድረስ ችግር የለውም፤ ዕቃዎቹ ጎጆ ውስጥ ናቸው፣ የተቆፈረው ቦታም ጣሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሄራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ ባለሙያ አዋሽ ዳር የድንጋይ መሣሪያ አየ። ከዚያ ዣን ሻቫዮን የመራው የፈረንሳይ ቡድን ለዓመታት ቆፈረ፤ በኋላ ጣሊያኖች ቀጠሉ። አፈሩ በንብርብር የተቀመጠ ነው። በየመሃሉ የእሳተ ገሞራ አመድ አለ፤ ዕድሜው የሚታወቀው በእሱ ነው። ታችኛው ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ባልጩት ከተባለው አጎራባች ቦታ ጋር የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ቦታውን ከሙዚየሙ የሚለየው ዕቃው እንደተኛ መቅረቱ ነው። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል ከእንጨት መተላለፊያው ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ ድንጋዩ፣ አጥንቱ፣ አፈሩ እንዳለ ነው። እዚያው አካባቢ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል። ከእንስሳቱ ኮቴ መሃል የሰው አለ፤ ከሰውም የሕፃናት አለ። ጭቃ ዳር የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ንገሩት። የእህቴ ልጅ ሲሰማ ጫማውን አውልቆ ከበሩ ውጭ አቧራው ላይ የራሱን እግር አተመና ለረጅም ጊዜ አየው።

ባልጩትስ? ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልጩት እንደ ጠርሙስ የሚሰበር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በቀደመው ጊዜ ለምላጭም ቆዳ ለመፋቂያም አገልግሏል። የቦታው ስም ያው ነው። ስባሪው መሬት ላይ ፈስሶ ፀሐይ ሲመታው ያንጸባርቃል። አንዱን አንሥታችሁ ወደ ብርሃን ብታደርጉት ቀጭኑ ጠርዝ ጢስ የመሰለ ብርሃን ያሳልፋል። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ ተጠንቀቁ። ካያችሁት በኋላ በነበረበት መልሱት፤ ኪስ ውስጥ አይገባም፣ ቅርስ ነው። ሲምቢሮ በተባለው የመልካ ቁንጥሬ ክፍል ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ከዚህ ድንጋይ ከ500 በላይ መጥረቢያ መሰል መሣሪያ በአንድ ቦታ ሠርተው ጥለዋል። የመሣሪያ መሥሪያ ቦታ ነበራቸው። ጥቁሩን ድንጋይ መርጠው፣ ፈልጠው።

ዋሻ ሚካኤል ወይስ አዳዲ ማርያም?

ሁለቱም ከአለት የተፈለፈሉ ስለሆኑ ሰው «አንዱን ካየሁ ይበቃል» ይላል። አይበቃም፤ የሚሰጡት ነገር ለየቅል ነው። አዳዲ ማርያም ሙሉ ናት። ጣሪያዋ አለ፣ ይቀደስባታል፣ ግድግዳዋ በትውልድ እጅ ለስልሷል። ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያገናኛታል። ዋሻ ሚካኤል እንዴት እንደተሠራ ያሳያል። አዳዲ ማርያም እንዴት እንደተኖረባት ታሳያለች። ላሊበላን ያላየ እንግዳ ካላችሁ አዳዲን ምረጡ። ላሊበላን ያየ ከሆነ ዋሻ ሚካኤል አዲስ ነገር ይሰጠዋል።

ከጉልበት አንጻርም ልዩነት አለ። አዳዲ ድረስ መኪና ይገባል። ከአስፓልት የምትታጠፉበት መንገድ ክረምት ላይ ያስቸግራል እንጂ በጋ ላይ ደህና ነው። አክስቴን መጀመሪያውኑ መውሰድ የነበረብኝ እዚያ ነበር። በሳምንቱ ወሰድኳት። ከመኪናው ወርዳ ጥቂት ተራመደች። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ግንባሯን አስነካችና ቀረች። እኔ የዓምዱን ቅርጽ ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር። አልነገርኳትም። ስትጨርስ ዞር ብላ «ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ። ድንጋዩን ማለቷ ነው።

እንግዲህ እንዴት ልምረጥ ለምትሉ

ዝናብ ከሆነ፣ ሙዚየም። ለጉዞ የሚበቃ ጊዜ የሌለው፣ ማታ በረራ ያለበት እንግዳም ቢሆን ሙዚየም። ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካሏችሁ መልካ ቁንጥሬ ከሁሉም ይሻላል፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ መሮጥ ይቻላል፣ ዱካው ታሪክ አለው። አዛውንት ካለ አዳዲ ማርያም። ታሪክ የሚያነብ፣ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከሆነ ጢያ በጠዋት፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ይወዳል። ከገንዘብ አንጻር ሙዚየሙና ዋሻ ሚካኤል ተቀራራቢ ናቸው፤ የቡታጅራው መንገድ የመኪናና የምሳ ወጪ አለው። የመግቢያ ዋጋ ስለሚቀያየር ዝርዝር ብር በእጃችሁ ያዙ።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከሆነ ግን፣ በተለይ እንደ እኔ መሃል ከተማ ያደገ፣ መጀመሪያ ዋሻ ሚካኤል። ለጢያና ለመልካ ቁንጥሬ ቀን መመደብ፣ መኪና መፈለግ፣ ሰው ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጠዋት፣ የሚይዝ ጫማና ውሃ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብትነሡ ለምሳ ቤታችሁ ትደርሳላችሁ።

አክስቴ ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። ሕክምናው ረድቷታል፣ ጉልበቷ ተሽሎታል። «ኅዳር 12 ለሚካኤል እመጣለሁ፣ ያን ቀን ያቆምኩበት ድንጋይ ጋ ደርሼ አልቀርም» አለችኝ። መኪና እስከ የት እንደሚያስጠጋ የሚያውቅ የየካ ሹፌር አግኝቻለሁ። ምርኩዝም ገዝቼላታለሁ።